የሳይካትሪ ልምምድ ይጠር ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ የነርሲንግ መምህር የጻፉትን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በንዴት፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዤ፣ በመጨረሻ ረጋ ብዬ። የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። የነርሲንግ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና ክፍልን አይወዱትም። ይፈሩታል። ክፍሉ አደገኛ ስለሆነም ፍርሃታቸው ልክ ነው። እዚያ የሚያሳልፉት ጊዜ እጃቸውን ያዶለዱመዋል። አመለካከት ደግሞ ከቤት ይዘውት የሚመጡት ነገር ስለሆነ በጥቂት ሳምንት አይለወጥም። ስለዚህ የአራት ሳምንቱ የሳይካትሪ ልምምድ ወደ አንድ ሳምንት ይጠር፣ የቀረው በቪዲዮና በሲሙሌሽን (በማስመሰል ልምምድ) ይሸፈን፣ ከዚያ በላይ ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) የሚገባው የፈለገ ብቻ ይሁን። መጨረሻ ላይ ደግሞ ራሳቸው የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተማሪዎች ገና ሲመዘገቡ ተለይተው ይቅሩ ይላሉ።

ጸሐፊው ክፉ አስበው እንዳልጻፉት ያስታውቃል። ለተማሪዎቻቸው ያዝናሉ። እኔ በአእምሮ ጤና ነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቼ አሁን ተማሪ ይዤ ዋርድ የምገባ ሰው ነኝ። እሳቸው ያዩትን እኔም አይቻለሁ። የማልስማማው ያየነው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ላይ ነው።

ልክ ካሉት ልጀምር። አዎ፣ ተማሪዎች አይመርጡትም። በተለያዩ አገሮች ተማሪዎች «ስትመረቁ የት መሥራት ትፈልጋላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ የአእምሮ ጤና ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ነው የሚገኘው። አጠገቡ የሚቀመጠው የአረጋውያን እንክብካቤ ነው። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ታካሚውን ይጠሉታል» ወደሚለው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ቴይለርና ዲር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያወጡት፣ እስከ ዛሬ ተማሪዎች ላይ በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ አለ። 40 ዓረፍተ ነገር ነው ያለው። ርኅራኄን ለብቻው ይለካል፤ ታካሚን ከሰው የማራቅ ፍላጎትን ደግሞ ለብቻው። የለያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው አንጀቱ እየተላወሰም «ጎረቤቴ ግን አይሁን» ሊል ይችላል።

ተማሪዎቼ ላይ የማየውም ይሄንኑ ነው። ያዝናሉ። ቤት ሄደው የሚያለቅሱም አሉ። ግን ወንበር ስበው አይቀመጡም።

ለምን እንደማይቀመጡ የገባኝ በአንዲት ተማሪዬ ነው። ሦስተኛ ዓመት ነበረች። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ከባድ ቁስል ስታጥብ ፊቷን የማታኮማትር ልጅ። ሳይካትሪ ዋርድ የገባን ቀን ቻርቱን፣ የታካሚውን መዝገብ፣ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ጋ ቆመች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ሄጄ «ምን ሆንሽ?» አልኳት። አንድ ሰው ጮኸብኝ፣ ወይም ሰደበኝ ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«ሲስተር፣ ምን ልሥራ?» አለችኝ።

«ማለት?»

«ቢፒ ልለካ?»

የደም ግፊቱ ተለክቷል አልኳት።

«መድኃኒት ልስጥ?»

የጠዋቱ ተሰጥቷል።

«ታዲያ ምን ልሥራ?» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ያስተማርናት ነርስ ማለት የሚሠራ እጅ ማለት እንደሆነ ነው። ሙቀት የሚለካ፣ ጉሉኮስ የሚሰቅል፣ መርፌ የሚወጋ፣ አልጋ የሚያነጥፍ እጅ። ፈተና ላይ የምናርመው እጇን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ እጅ የሚሠራው ብዙም ነገር የሌለበት ክፍል ወስደን አቆምናት። ያቺ ልጅ ከምንም በላይ የፈራችው ባዶ እጇን መቆሟን ነበር። እኛ ግን ፊቷን አይተን «ታካሚ ትፈራለች» ብለን መዘገብናት። የጸሐፊው ስሕተት እዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። እውነት ለመናገር፣ ብዙ ዓመት የእኔም ስሕተት ነበር።

መስኮቱ ጋ አንድ እናት ብቻቸውን ካርታ ይደረድሩ ነበር። «ሂጂና አብረሻቸው ተጫወቺ። ስለ ሕመማቸው ምንም እንዳትጠይቂ» አልኳት። ቻርቱን ከእጇ ተቀበልኳት። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይታ መጣች። ሁለት ጊዜ ተሸንፋለች። «ካርታውን ሲቆጥሩ በሕመሙ የሚሰሟቸው ድምፆች ዝቅ እንደሚሉላቸው ነገሩኝ» አለች። እኚህ እናት ሦስት ሳምንት ተኝተዋል። ቻርታቸው ውስጥ ይሄ ነገር የለም። ሐኪሙም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። በዚያ ቀን የነርስ ማስታወሻ ላይ የገባው ትልቁ ግኝት የእሷ ነው።

ይሄ ነገር የነርሲንግ ዳር ላይ የተንጠለጠለ ጌጥ አይደለም። ሂልደጋርድ ፔፕላው እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተሙት መጽሐፍ የነርስና የታካሚ ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል ነው ብለው ተነሱ። ራሳቸው ነርስ ነበሩ። ያ ሐሳብ ዛሬ በየትኛውም የነርሲንግ ትምህርት ቤት ይነገራል። ችግሩ ይነገራል እንጂ አይሠለጠንበትም። ሲሪንጅ አያያዝን በፕላስቲክ ክንድ ላይ ሃያ ጊዜ እናለማምዳለን። ዝም ካለ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥን አንድ ጊዜም አናለማምድም።

ወደ አደጋው ልምጣ። ይሄን በቀላሉ አላልፈውም፣ ምክንያቱም ነርሶች ይመታሉ። የአእምሮ ጤናና የድንገተኛ ክፍል ነርሶች ጥቃት በብዛት ከሚደርስባቸው መካከል ናቸው። ይሄን ከተማሪ መደበቅ ነውር ነው። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው «የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አደገኛ ነው» ሲሉ አልከተላቸውም። አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ከጠቅላላው የኃይል ድርጊት ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር የሚያያዘውን 4 በመቶ ገደማ ያደርሱታል። እንዲያውም ሕመሙ ያለበት ሰው ከሚያጠቃ ይልቅ የሚጠቃበት ጊዜ ይበዛል።

ዋርድ ውስጥ ጸብ የሚነሳበትን ሰዓት ልብ ብሎ ያየ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ታካሚው ስልክ ልደውል ብሎ ሲከለከል ነው። መቼ ነው የምወጣው ሲል «ሐኪሙን ጠይቅ» ብቻ ሲባል ነው። አልወስድም ያለውን መድኃኒት በግድ ሲሰጡት ነው። ወይ ደግሞ ሦስት ጊዜ መስኮቱን አንኳኩቶ ማንም ቀና ብሎ ሳያየው ሲቀር። ከሕመሙ ብቻ የሚነሳ ጸብ የለም አልልም፤ አለ። ግን ብዙው አስቀድሞ ይታያል።

ይሄ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስል አንድ ሥራ ልጥቀስ። እንግሊዝ ውስጥ ሌን ባወርስ የተባሉ የነርሲንግ ፕሮፌሰር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሴፍዋርድስ የሚባል አሠራር ፈትነዋል። 15 ሆስፒታሎች፣ 31 ዋርዶች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ያደረጉት ነገር ሲያዩት ተራ ይመስላል። ሠራተኛውና ታካሚው ስለ ራሳቸው ጥቂት ነገር ጽፈው ይተዋወቃሉ፤ ምን ሙዚቃ እንደሚወዱ ዓይነት። አንድ ታካሚ መጥፎ ዜና ሊሰማ እንደሆነ ካወቁ አስቀድመው አጠገቡ ይገኛሉ። ድኖ የሚወጣ ሰው ገና ለሚገቡት ጥሩ ቃል ጽፎ ይሰቅላል። አሠራሩን ካልተጠቀሙት ዋርዶች ጋር ሲነጻጸር ግጭት በ15 በመቶ ቀነሰ። በግድ መያዝ፣ ለብቻ መዝጋትና የመሳሰለው ደግሞ በ26 በመቶ።

ስለዚህ አደጋው የራሱ ሙያ አለው ማለት ነው። የትኛው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው? በሩ ከማን ኋላ ነው? ድምፅ ከፍ ሲል የእኔን ድምፅ ምን አደርገዋለሁ? የማልፈጽመውን ነገር ቃል ገብቻለሁ ወይ? መቼ ነው ተነስቼ የምወጣው፣ ማንን ነው የምጠራው? ይሄ ሁሉ በግማሽ ቀን ማስተማር የሚጀመር ነገር ነው። ተማሪውን ይሄን ሳናስተምር አስገብተን፣ ሲፈራ ደግሞ «እናውጣው» ማለት ዋና ሳናስተምር ውኃ ውስጥ ጥለን ውኃውን መውቀስ ነው።

እጃቸው ይዶለዱማል የሚለው ክርክር ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው። ሳይካትሪ የሰውነት ሕክምና የሌለበት ይመስል።

ሊትየም የሚባለውን የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተቅማጥ ይዞት ከሰውነቱ ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ወይም ለራስ ምታት ብሎ አይቡፕሮፌን ሲጀምር ደሙ ውስጥ ያለው ሊትየም ሊያሻቅብ ይችላል። እጁ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ላላወቀ ሰው የሰከረ ይመስላል። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የተወጋ ወጣት በድንገት አንገቱ ተጠምዞ ዓይኑ ወደ ላይ ሲሰቀል ተማሪዋ ምን እያየች እንደሆነ ካወቀች አንድ መርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታዋል። ካላወቀች «አሁን ደግሞ አበደ» ተብሎ ሌላ ሃሎፔሪዶል ሊታዘዝለት ይችላል። ትናንት ደህና የነበሩ አዛውንት ማታ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ማየት ከጀመሩ ከሳይካትሪ በፊት ኢንፌክሽን መፈለግ ያስፈልጋል። ይሄን ለማየት ዓይንም እጅም ያስፈልጋል። ሁለቱም የሚሳሉት ዋርድ ውስጥ ነው።

እኔ ይሄን የተማርኩት ሰው ጎድቼ ነው። አዲስ ነርስ ሳለሁ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አንድ ሰው መጣ። ካርዱ ላይ ስኪዞፍሬኒያ ይላል፤ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ የሌለ ነገር የሚያሳምን ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። ለዚያ ክሎዛፒን የሚባል መድኃኒት ይወስዳል። «ሆዴን ዘግተውብኛል» ይለኛል። ማን ነው የዘጋብህ ስለው «እነሱ» ይላል። የሌለ ነገር ያምናል ብዬ ጻፍኩና ወረፋው መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። ሆዱን በእጄ አልነካሁም። ከእኔ በኋላ የገባችው ነርስ ነካችው። እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ስንት ቀንህ ነው ሽንት ቤት ከሄድክ ብላ ጠየቀችው። አንድ ሳምንት። ክሎዛፒን አንጀትን በጣም ያዘገያል፤ ሰው የሚሞትበትም አለ። ሰውየው ቀዶ ሕክምና ገብቶ ተረፈ። የነገረኝ እውነቱን ነበር። ሆዱ ተዘግቶ ነበር። በራሱ ቋንቋ ነገረኝ፣ እኔ ግን ካርዱን ብቻ ሰማሁ።

ይሄ የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላመጣውም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ብዙዎቹን የሚገድላቸው ልብ፣ ሳምባ፣ ስኳር፣ ኢንፌክሽን ነው፤ መከላከል የሚቻል የሰውነት በሽታ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆኖባቸው ሲመጡ እኛ እንቅርቱን ብቻ እናያለን። በወጉ ያልሠለጠነች ነርስ የምታደርሰው ጉዳት ሳይካትሪ ዋርድ ውስጥ አይቀርም። በየክፍሉ አለ።

አመለካከት አይለወጥም ስለሚለው ነገር ጸሐፊው የራሳቸውን ተማሪዎች ያነሳሉ። ከልምምድ በፊትና በኋላ ጠይቀዋቸው ለውጥ አላዩም። አምናቸዋለሁ። ምን ዓይነት ልምምድ እንደነበር ግን አይነግሩንም። ይሄ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ነው።

ጎርደን ኦልፖርት የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጭፍን ጥላቻ ሲጽፍ ሰውን ከሰው ማገናኘት ብቻውን አይበቃም አለ። አራት ነገር ያስፈልጋል። ሲገናኙ እኩል ይሁኑ። የጋራ ግብ ይኑራቸው። ተባብረው የሚሠሩት ነገር ይኑር። ከበላይ ያለው አካል ደግሞ ግንኙነቱን ይደግፈው። አሁን የተለመደውን የተማሪ ልምምድ በዚህ ሚዛን እንየው። ተማሪው ነጭ ጋውን ለብሶ ቁልፍ ይዟል፤ ታካሚው ቀበቶውን እንኳ ተቀብለውታል። ተማሪው የሚፈልገው የኬዝ ሪፖርት ሞልቶ ማስረከብ ነው፤ ታካሚው የሚፈልገው ቤቱ መሄድ ነው። አብረው የሚሠሩት ነገር የለም፤ አንዱ ይጠይቃል፣ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ከመቶ ላይ ሰባት ቀንስ» ይላል፣ ሌላው ይመልሳል። የበላዩ አካልስ? በመጀመሪያው ቀን ነባሩ ነርስ «ከዚያኛው ራቅ በሉ፣ እሱ አይታመንም» ብሎ ይቀበላቸዋል።

አራቱም የሉም። ከዚያ «አመለካከታቸው አልተለወጠም» እንላለን። በምን ይለወጥ?

ሌላም ነገር አለ። ዋርድ ውስጥ ተማሪው የሚያየው ሰውን በሕይወቱ በከፋው ሳምንት ነው። ሲሻለው ያ ሰው ይወጣል፣ ሌላ የባሰበት ይገባል። ተማሪው ደግሞ ሰው ሲድን አያይም። አራት ሳምንት ቆይቶ «እነዚህ ሰዎች አይድኑም» ብሎ ቢወጣ ያየውን ነው የተናገረው። ስለዚህ ድነው ሥራ የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ሕመማቸውን ይዘው ደህና የሚኖሩ ሰዎች ክፍል ገብተው ማስተማር አለባቸው። ለምስክርነት አሥር ደቂቃ ሳይሆን እንደ መምህር። አውስትራሊያ ውስጥ ብሬንዳ ሃፔልና ባልደረቦቻቸው ይሄን ሠርተውበታል፤ በሕመሙ ያለፉ ሰዎች ኮርስ ያስተምራሉ፣ የተማሪዎቹም አመለካከት ወደ በጎ ሲሄድ ታይቷል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የመገለልና የአድልዎ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መገለልን ለመቀነስ ከሁሉም የሚሻለው ሕመሙን ካለፉበት ሰዎች ጋር የሚደረግ ግንኙነት እንደሆነ ደምድሟል።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልስጣቸው። የአንድ ጊዜ ሥልጠና ውጤት ይደበዝዛል። ከወራት በኋላ ሲለካ ብዙው ጠፍቶ ይገኛል። ይሄ ግን ልምምዱን ለመድገም እንጂ ለማሳጠር ምክንያት አይሆንም።

ስለ ሲሙሌሽን አጠር አድርጌ ልናገር። ለዝግጅት ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ዋርዱን ይተካል የሚለው ግን አደገኛ ነው። ተማሪው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ የሚሳደቡና የሚያዙ ድምፆችን እየሰማ ሥራ የሚሠራበት ልምምድ አለ። ሌላ የሚያናግሩት ሰው ካልተጨመረበት የሚገርም ነገር ይታያል። የተማሪው ርኅራኄ ይጨምራል፤ አብሮ ከታካሚው ለመራቅ ያለው ፍላጎትም ሊጨምር ይችላል። ይሄም በጥናት ታይቷል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ አያስቸግርም። የሕመሙን ጭንቅ ቀመሰ፣ ጭንቁን ተሸክሞ ካርታ የሚጫወተውን ሰው ግን አላገኘም።

አንድ ሳምንት ይበቃል ለሚሉትም ይሄንኑ እላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ፍርሃት ጣሪያ ይነካል። በእኔ ተማሪዎች ላይ መርገብ የሚጀምረው በሁለተኛው ሳምንት መሃል አካባቢ ነው፤ አንድ ታካሚ ስማቸውን ይዞ ሲጠራቸው። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ማስወጣት ማለት ፍርሃቷን እንደያዘች ትመረቅ ብሎ መወሰን ነው።

የፈለገ ብቻ ይግባ የሚለው ደግሞ ነፃነት ይመስላል። ግን የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ያላየው ተማሪ እንዴት ይፈልገው? ደግሞስ ሌላው ክፍል የሚሄደው ከአእምሮ ሕመም ያመልጣል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8 ሰው አንዱ፣ ማለትም 970 ሚሊዮን ሰው ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር ይኖር እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ይሄ ሁሉ ሰው ሳይካትሪ ዋርድ አይመጣም። ኩላሊት ክፍል ይመጣል፣ ልጁን ይዞ ክትባት ይመጣል።

ያቺ በር ላይ የቆመችው ተማሪዬ ሳይካትሪን አልመረጠችም። ማዋለጃ ክፍል ነው የምትሠራው። በጸሐፊው ቆጠራ ልምምዷ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። አንድ ሌሊት ደወለችልኝ። ከወለደች አራት ቀኗ የሆነ እናት ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ቤተሰቡ «ደስታ ነው፣ ድካም ነው» ይላል። ልጇን ለመያዝ ግን እምቢ አለች። ተማሪዬ ሌላውን ሰው አስወጥታ፣ ወንበር ስባ፣ አጠገቧ ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እናትየዋ «ልጄን ቀይረውብኛል» አለቻት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታው የሚለይ ሕመም፣ ከ1,000 ወላድ በአንዷ ወይም በሁለቷ ላይ ይደርሳል፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ በድንገት። ድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው፤ ካልታከመ እናትም ልጅም ሊሞቱ ይችላሉ። ሲታከም ደግሞ ጥሩ ይድናል። ተማሪዬ «ራስሽን ወይ ልጁን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?» ብላ በግልጽ ጠየቀቻት። አዎ አለቻት። በዚያው ሌሊት ሕክምና ጀመረች።

ያንን ጥያቄ መጠየቅ በነፃ የሚመጣ ችሎታ አይደለም። በየዓመቱ አንድ ተማሪ ጎትቶ ወደ ጥግ ይወስደኛል። «ብጠይቀውስ ሐሳቡን እኔው አስገባበት ይሆን?» ይለኛል። አታስገባበትም። ስለ ራስን ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ፣ እንዲያውም ብዙዎችን እንደሚያቀል በተደጋጋሚ ታይቷል። ይሄን በሌክቸር የሰማ ተማሪ ፈተና ላይ ይመልሰዋል። አፉን ከፍቶ ሰውን የሚጠይቀው ግን አጠገቡ ቆመን አንድ ጊዜ ሲሞክረው ነው። የመጀመሪያው ቀን ድምፁ ይጠፋል። ሦስተኛው ላይ ይወጣል።

የመጨረሻው ሐሳባቸው ላይ ግን ልለሳለስ አልችልም። ሕመም ያለባቸው ተማሪዎች ሲመዘገቡ ተለይተው ይቅሩ ማለት።

አይሠራም፤ በመጀመሪያ ይሄን ልበል። ከአእምሮ ሕመሞች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚጀምሩት 24 ዓመት ሳይሞላ ነው። ብዙው ተማሪ በዚያው ዕድሜ ላይ ነው የሚገኘው። በምዝገባ ቀን ጤነኛ የነበረው በሁለተኛ ዓመት ሊታመም ይችላል። ያ ተማሪ ትምህርት ቤቱ የታመመን እንደሚያስወጣ ካወቀ ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ720,000 በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት መካከል ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። እኛ ደግሞ ዝም የሚያሰኝ ደንብ እናውጣ እያልን ነው።

አንድ ቀን የነርሶች ክፍል ውስጥ ስለ አንዲት ታካሚ ይወራል። ክንዷን በምላጭ ቆርጣ የመጣች ወጣት ናት። «ትኩረት ፈልጋ ነው፣ ለምዳበታለች» አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ። ከኋላችን ቆማ የምትሰማ ተማሪ ነበረች። የጋውኗን እጅጌ ወደ አንጓዋ ስትስበው አየኋት። ሞቃት ቀን ነበር። ከሥራ በኋላ በረንዳው ላይ ጠበቅኳት። የተነጋገርነው የእሷ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። ተመርቃለች። ዛሬ ጥሩ ነርስ ናት። በጸሐፊው ደንብ ቢሆን በሩን አታልፍም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የነርሶች ክፍል ውስጥ ስለ ታካሚ የምንናገረውን ነገር እንደ ትምህርት ነው የማየው። «አራት ቁጥር ያለው ስኪዞ» ስንል ተማሪው ማስታወሻ ላይ አይጽፈውም፤ ግን ከሌክቸሩ በላይ እሱ ነው የሚቀርበት። ተማሪዎች አመለካከታቸውን ከቤት ይዘው ይመጣሉ ብለዋል ጸሐፊው። አዎ፣ የተወሰነውን። የቀረውን ከእኛ ይወስዱታል።

ልምምዱ አይጠር የምለው እንዲሁ እንዳለ ይቀጥል ለማለት አይደለም። አራቱ ሳምንት ይቆይ፤ ከተቻለ ስድስት ይሁን። ከመግባታቸው በፊት በሕመሙ ያለፈ ሰው ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተምራቸው። ጸብን ማብረድ እንደ ሲፒአር፣ የቆመ ልብን እንደማስነሳት፣ በተግባር ይፈተን። ከዋርዱ ወጥተው ድነው በሚኖሩ ሰዎች የክትትል ክሊኒክ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይመደቡ። በየቀኑ መጨረሻ ላይ ከመምህራቸው ጋር ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፤ ምን እንደፈሩ፣ ምን እንዳስለቀሳቸው ይናገሩ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት ቅጽ አይሰጣቸው። ወረቀት የለም፣ ቢፒ የለም፣ ኬዝ የለም። ሥራቸው አንድ ነው። ከአንድ ሰው ጋር አንድ ሰዓት ማሳለፍ። ካርታ ይጫወቱ፣ ኮሪደሩን ይመላለሱ፣ ወይ ዝም ብለው መስኮት ዳር ይቀመጡ። ቻርቱ በሁለተኛው ቀን ይደርሳል።